80 ኪሎ ይገባል፣ 500 ኪሎ ይወጣል

ኮሎንሴይ ከስኮትላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ወዲያ፣ የአትላንቲክ ነፋስ የሚያገኛት ደሴት ናት። ነዋሪዋ ከ150 አይበልጥም፣ ሆቴሏም አንድ ነው። ከኦባን ወደብ መኪና በሚጭነው መርከብ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2007 እዚህች ደሴት ላይ አንዲት ትንሽ የቢራ መጥመቂያ ተከፈተች። ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ይጠጣዋል?» ብሎ ነው። እኔ ግን ሂሳቡን ከሌላ ጫፍ ብንጀምረው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ቢራው ምን ያህል ይመዝናል?

አልኮሉ 4 በመቶ ገደማ የሆነ 500 ሊትር ቢራ ለመጥመቅ 80 ኪሎ አካባቢ ብቅል ይበቃል። በጌሾ ቦታ የሚገባው ሆፕ የሚባለው መራራ አበባ ከአንድ ሁለት ኪሎ አያልፍም፤ ደረቅ እርሾውም በኪስ ይያዛል። የቀረው ውሃ ነው፤ ውሃው ደግሞ ደሴቲቱ ላይ አለ። እንግዲህ አራት ጆንያ የማይሞላ ብቅል ከመርከብ ይወርዳል፣ ግማሽ ቶን ቢራ ሆኖ ይነሣል። የደሴት ጠመቃ ትርፍም ኪሳራም ከዚህች ልዩነት ይወጣል።

ጠመቃው ራሱ የትም ቦታ አንድ ነው። ብቅሉ ይከካና በ65 ዲግሪ ገደማ ሙቅ ውሃ ለአንድ ሰዓት ያህል ይዘፈዘፋል። ገብሱ ሲበቅል ያፈራቸው ኢንዛይሞች በዚህ ሰዓት ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጡታል። ውሃው ከልክ በላይ ከጋለ ኢንዛይሞቹ ከጥቅም ውጭ ይሆናሉ፣ ስለዚህ ጠማቂው ዓይኑን ከቴርሞሜትሩ አያነሣም። ከዚያ ጣፋጩ ፈሳሽ ይጠለላል፣ ከሆፕ ጋር አንድ ሰዓት ያህል ይፈላል፣ በፍጥነት ወደ 20 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፣ እርሾ ይገባበታል። እርሾው ስኳሩን በልቶ አልኮልና ጋዝ ለመሥራት አንድ ሳምንት ቢሰጡት አይጠላም።

ስለ ገብሱ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። የአውሮፓ የበልግ ገብስ ዝርያዎች ዱቄት የሚመስለውን የቅጠል በሽታ የሚቋቋሙበት ዘረመል፣ በብዙዎቹ ውስጥ የተገኘው በ1930ዎቹ መጨረሻ ከኢትዮጵያ ከተወሰደ ገብስ ነው። ይህን ዘረመል የያዘው የመጀመሪያው ዝርያ በ1979 ለገበሬ ቀረበ። ለስኮትላንድ ብቅል የሚዘራውም በአብዛኛው የበልግ ገብስ ስለሆነ፣ የኛ ገበሬ እጅ ካሰብነው በላይ ርቆ ሄዷል።

ወደ ደሴቷ እንመለስ። የጋዝ ቧንቧ እዚህ አይደርስም። 600 ሊትር ውሃ ከ10 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት ብቻ 63 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይበላል፤ የአንድ ሰዓቱ ፍላት ገና አልተቆጠረም። ስለዚህ ሙቀት አይደፋም። የፈላው ፈሳሽ በቀጫጭን ሳህኖች መካከል ሲያልፍ በማዶ በኩል ቀዝቃዛ ውሃ ይለቀቅበታል። ቢራው ይቀዘቅዛል፣ ውሃው ይሞቃል፣ የሞቀው ውሃ ለዕቃ ማጠቢያ ወይም ለሚቀጥለው ጠመቃ ይቀመጣል። ማጠብ ስል በዋዛ አይደለም። ከጠማቂ ቀን ትልቁን ድርሻ የሚወስደው በርሜልና ቱቦ ማጽዳት ነው፤ ቢራ ጠማቂ ነኝ የሚል ሰው በአብዛኛው ዕቃ አጣቢ ነው።

አሁን የወጣውን ቢራ መሸጥ። የብሪታንያ መጠጥ ቤቶች የለመዱት የብረት በርሜል 41 ሊትር ገደማ ይይዛል፣ ማለትም 72 ፓይንት። ውስጡ ያለው እርሾ ሕያው ስለሆነ ቢራው እዚያው መብሰሉን ይቀጥላል፤ ጣዕሙን የሚወዱት ለዚህ ነው። ተከፍቶ አየር ካገኘው ግን በሦስት ቀን ገደማ ማለቅ አለበት። በጥር ወር፣ መቶ ምናምን ሰው ባለበት ደሴት፣ ግማሹ ሕፃንና የማይጠጣ ሆኖ፣ 72 ፓይንት በሦስት ቀን ማን ይጨርሳል? በሙቁ ወራት ግን ጎብኚ ሲመጣ ሌላ ነው። ጎብኚው ቢራውን እዚያው ጠጥቶ በሆዱ ይዞት ይሄዳል። ለጠማቂው ከዚህ የተሻለ ማጓጓዣ የለም፤ ጆንያው መጣ፣ ውሃው ደሴቱ ላይ ተሸጠ፣ በርሜሉም ከግቢ አልወጣም።

ወደ ዋናው ምድር መላክ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። 500 ሊትር 12 በርሜል ይሞላል፤ አንዱ ሲሞላ ከ50 ኪሎ ያልፋል። የጭነት መኪና በመርከቡ ላይ የሚከፍለው በርዝመቱ ነው፤ የጫነው ሙሉ በርሜል ይሁን ባዶ ግድ የለውም። ባዶው በርሜል ደግሞ የግድ ይመለሳል፣ ካልተመለሰ ለሚቀጥለው ጠመቃ መያዣ የለም። ግላስጎው የሚገኝ አንድ መጠጥ ቤት በርሜሉን ጓሮው ውስጥ ለወር ቢረሳው፣ ደሴት ላይ ያለው ጠማቂ ጋኑ ሞልቶ እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። ጠርሙስም አያድንም፤ 500 ሊትሩ 1,000 የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ይፈልጋል፣ ባዶ ጠርሙስ ማምጣት ደግሞ ለአየር መሳፈሪያ መክፈል ነው።

የሼትላንዷ ደሴት አንስት የዚህ ሁሉ ጫፍ ናት። በ1997 እዚያ የተከፈተው ቫልሃላ የተባለው መጥመቂያ ለዓመታት ከብሪታንያ ጠማቂዎች ሁሉ ሰሜናዊው ነበር። ከአንስት የተነሣ ጠርሙስ በመርከብ ወደ የል ደሴት፣ በሁለተኛ መርከብ ወደ ሼትላንድ ዋና ደሴት፣ ከለርዊክ ወደብ ደግሞ በሦስተኛው ሌሊቱን ተጉዞ ዋናው ምድር ላይ ያለችው አበርዲን ይገባል። 

ባሕሩ ሲቆጣ መርከቡ ይቀራል፤ በብርዱ ወራት ይህ ብርቅ አይደለም። ብቅል ደርቆ ስለሚቀመጥ አስቀድሞ ማከማቸት ይቻላል። አስጨናቂው ፓምፕ ነው። ፈሳሹ ፈልቶ ሳለ ፓምፑ ቢቆም መለዋወጫው ኦባን ላይ ነው፣ የፈላው ደግሞ አይጠብቅም። ስለዚህ አስተዋይ ጠማቂ ሁለተኛ ፓምፕ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ነው ሥራ የሚጀምረው።

አተላው ውሃ ስለጠጣ ከገባው ደረቅ ብቅል አያንስም። ጎረቤት ለላሞቹና ለበጎቹ ይወስደዋል፤ ቶሎ ስለሚሻግት ስልክ የሚደወለው በጠመቃው ዕለት ነው። የማይበላው እጥበትና የእርሾ ዝቃጭ ግን እንዲሁ ወደ ጅረት አይለቀቅም። ስኳርና እርሾ ሲበሰብሱ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሱና ዓሣውን ያፍናሉ፤ ይህን የሚቆጣጠር የስኮትላንድ አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አለ።

የቢራ ግብር በአልኮሉ መጠን ይታሰባል። የብሪታንያ መንግሥት ለትናንሽ ጠማቂዎች ቅናሽ መስጠት የጀመረው በ2002 ነው፤ በነሐሴ 2023 ደንቡ ተቀይሮ ቅናሹ በሚያመርቱት ንጹሕ አልኮል ይለካ ጀመር። በእኔ ግምት ያለዚህ ቅናሽ ብዙዎቹ የደሴት መጥመቂያዎች ባልተከፈቱ ነበር። ስኮትላንድ በ2018 ሥራ ላይ ያዋለችው ዝቅተኛ የአልኮል ዋጋ ግን እዚህ ብዙም አይነካም። በ2024 ከፍ ከተደረገ በኋላ እንኳ 4.5 በመቶ የሆነ የግማሽ ሊትር ቢራ ከ1 ፓውንድ ከ46 ሳንቲም ግድም በታች አይሸጥ ነው የሚለው፤ የደሴት ጠማቂ በዚያ ዋጋ ቢሸጥ ወጪውን አይመልስም።

የጠርሙስ መሙያ ማሽን ለመግዛት አቅም የሌለው ጠማቂ አንድ መንገድ ይቀረዋል። ቢራውን በትልቅ ታንከር ዋናው ምድር ልኮ እዚያ በጠርሙስ ያስሞላል። ከዚያ ለደሴቱ ሱቅ የሚሆነው ድርሻ በዚያው መርከብ ተመልሶ ይመጣል፣ ያው ውሃ ሁለት ጊዜ ባሕር አቋርጦ፣ ጎብኚውም «የአገሬው ቢራ» ብሎ ይገዛዋል።