ማሾውን አሁን እንሽጥ ወይስ እናቆይ? ለዋጋ ከመቶ ስንት ይሰጠው?

ከሸዋሮቢት፣ ከአጣዬና ከሌላውም የይፋት ቆላ የሚደርሰኝ ጥያቄ ያው ነው፦ «ማሾውን አሁን እንሽጥ ወይስ እናቆየው?» ማሾ በ2006 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከገባ ወዲህ የሁሉም ዓይን ዋጋው ላይ ነው። ግን መመዘኛው ሦስት ነው፦ ዋጋ፣ ገንዘቡ እጅ የሚገባበት ፍጥነት፣ ከነቀዝና ከብልሽት መዳን።

ጭቅጭቁ የሚነሳው ለዋጋ ከመቶ ስንት እንስጥ ሲባል ነው። አንዱ 35 ይላል፣ አንዱ 45፣ ሌላው 65። ትክክለኛውን ማንም አያውቅም። እኔ የምለው፣ ማወቅም የግድ አይደለም፤ ውሳኔው የሚገለበጥበትን ነጥብ ማወቅ ይበቃል።

ከ10 ነጥብ እንስጥ (ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው)፦

አሁን መሸጥ፦ ዋጋ 4፣ ፍጥነት 9፣ ከብልሽት መዳን 9
ማቆየት፦ ዋጋ 8፣ ፍጥነት 3፣ ከብልሽት መዳን 5 (የቆላው ሙቀት ነቀዝን ያፋጥናላ!)

ለዋጋ 40 ሰጥተን ቀሪውን 60 ለሁለቱ እኩል ብናካፍል፣ መሸጥ 7፣ ማቆየት 5.6 ያመጣል። የሚገለበጠው የዋጋ ድርሻ 56 ገደማ ሲደርስ ነው። አከፋፈሉ ካጠራጠረን ደግሞ ሁለቱን ጫፍ እንሞክር፦ ቀሪው በሙሉ ለፍጥነት ከሆነ መገልበጫው 60፣ በሙሉ ለብልሽት ከሆነ 50 ነው።

ስለዚህ 35 ያለውና 45 ያለው ምን ያጨቃጭቃቸዋል? ሁለቱም «እንሽጥ» ነው ያሉት። ከ60 በላይ ያለው በሙሉ «እናቆይ» ብሏል። የሚያከራክረው ከ50 እስከ 60 ያለው ብቻ ነው። ኮሚቴው እዚያ መሃል ከወደቀ ከፍሎ መሸጥ ይሻላል፦ ዕዳና የግብዓት ክፍያ የሚሸፍነውን አሁን፣ የተረፈውን ቆይቶ።

አየር የማያስገባ ከረጢት ያለው ዩኒየን የብልሽቱን 5 ወደ 8 ቢያሳድግ፣ በእኩል ክፍፍል መገልበጫው ከ56 ወደ 47 ይወርዳል። ማቆየት ቀለለው ማለት ነው።

ግን ልብ በሉ! ለማቆየት የሰጠነው የዋጋ 8 ተስፋ ነው። ህንድ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 በነጻ ይገባ የነበረውን ማሾ በድንገት ገድባለች። እንዲህ ያለ ዜና መጥቶ 8ቱ 5 ቢሆን፣ መገልበጫው ከ56 ወደ 83 ይዘላል፤ 65 ሲል የነበረውም «እንሽጥ» ይላል።

ላኪም ነጋዴም ብትሆኑ ስሌቱ ያው ነው። ድርሻው ላይ ከመከራከራችሁ በፊት የትኛው ነጥብ ተስፋ፣ የትኛው የታየ እንደሆነ ለዩ።