«ጋሼ» ስለሚለው ቃል ልዩ ልዩ ትርጉም

የዝምድናን ቃል መዝግቦ መተርጐም ለጀማሪ ቀላል ሥራ ይመስለዋል። ነገር ግን አንድ ተማሪ ትውልድ ለመቍጠር ወደ ይፋግ ሄዶ «ጋሼ» የተባለውን ሁሉ «ታላቅ ወንድም» ብሎ ቢጽፍ፥ አንዱን ገበሬ በአንድ የገበያ ቀን የብዙ ሰዎች ወንድም ያደርገዋል። ይፋግ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፥ በአዲስ ዘመን አጠገብ ያለ የቆየ የገበያ ስፍራ ነው። ዘመድና ባዳ በአንድነት የሚውሉበት ስለ ሆነ ቃሉን ለመመልከት የተመቸ ነው።

ቃሉ «ጋሻዬ» ከማለት እንደ መጣ በብዙዎች ዘንድ ይነገራል። ታላቅ ወንድም ለታናናሾቹ መከታ ነውና። ከስም በፊት ሲገባ ብዙውን ጊዜ «ጋሽ» ተብሎ ያጥራል፤ ድምፃዊው ስለሺ ደምሴ «ጋሽ አበራ ሞላ» እየተባለ እንደሚጠራው ማለት ነው። በጎንደር ገጠር «አያ» የሚለውም ቃል ይኸንኑ አገልግሎት ይሰጣል። በተረት ጅብ እንኳ «አያ ጅቦ» መባሉ ቃሉ ከሥጋ ዝምድና ምን ያህል እንደ ራቀ ያሳያል።

የ«ጋሼ»ን ትርጉም በአራት እንከፍለዋለን። አንደኛ፥ በእናት ወይም በአባት የሚገናኝ ታላቅ ወንድም ነው። ሁለተኛ፥ በዕድሜ የሚበልጥ የአጎት ወይም የአክስት ልጅ፥ እንዲሁም የባል ታላቅ ወንድም ነው። ሦስተኛ፥ አባት ራሱ ነው፤ ከአባታቸው ታናናሾች ጋር ያደጉ ልጆች የሰሙትን ይዘው አባታቸውን «ጋሼ» ይሉታል። አራተኛ፥ ስሙ የማይታወቅ ማናቸውም ታላቅ ሰው ነው።

እነዚህን ለመለየት ግሡ ይረዳል። «ጋሼ መጣ» የቤት ቅርበትን፥ «ጋሼ መጡ» ግን አክብሮትን ያመለክታል። ሆኖም ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ታላቅ ወንድሙን «አንቱ» የሚል ቤተ ሰብም አለና።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ በቤጌምድር ርስት የሚጠየቀው በአባትም በእናትም ወገን ትውልድ ተቈጥሮ ነበር። በእንዲህ ያለ ክርክር የመጠሪያ ቃልን ለትውልድ ማስረጃ አድርጎ መያዝ ወራሹን ከባዳ ያደባልቃል። አዋጁ ያን ሥርዓት ቢሽርም፥ ያለፈውን የርስት ታሪክ ከሽማግሌዎች ቃል ለሚጽፍ ሰው አደጋው ዛሬም አለ።

ስለዚህ መዝጋቢው ሁለት ነገር ለይቶ እንዲጽፍ እናሳስባለን፤ ሰውዬው ምን ተብሎ እንደሚጠራና ከማን እንደሚወለድ። «ጋሼህ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አክብሮትን ያስረዳል። ትውልድን የሚያስረዳው ግን «እናታችሁ ማን ናት? አባታችሁስ?» የሚለው ጥያቄ ነው።