ገዳሪፍ ማሽላ አላት፤ ሥጋና ወተቱስ?

ገዳሪፍን ሁላችንም የምናውቃት በማሽላዋና በሰሊጧ ነው። በትራክተር የሚታረሰው ሰፊ እርሻዋ ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችም እንዲሁ) ጀምሮ የሱዳን የእህል ጎተራ ሆኖ ቆይቷል። ፋኦ እንደገመተው፣ የአገሪቱ የእህል ምርት በ2023 ጦርነቱ ሲጀመር ወደ 4.1 ሚሊዮን ቶን ወርዶ፣ በ2024 ወደ 6.7 ሚሊዮን ቶን አገግሟል። ያም ሆኖ በ2024 መጨረሻ ከ24 ሚሊዮን በላይ ሰው በከፋ የምግብ እጥረት ውስጥ ነበር። እህሉ ተመርቶም ሰሃን ላይ አልደረሰም ማለት ነው። ሥጋውና ወተቱማ ከእህሉም ብሶ ራቀ።

ተካያ ምን ያበስላል?

በታኅሣሥ 2023 ዋድ መደኒ፣ በ2024 ክረምት መግቢያ ደግሞ ሲንጃ በጦርነት ሲያዙ፣ ብዙ ቤተሰብ ወደ ገዳሪፍ ሸሸ። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። የሰፈር ወጣቶች ያቋቋሟቸው የአደጋ ጊዜ ኮሚቴዎች «ተካያ» የተባሉትን የጋራ ማብሰያዎች ከፈቱ። ይህ እንግዳንና ችግረኛን የመመገብ ልማድ በሱዳን ከሱፊዎች ዘመን የመጣ ነው። ኮሚቴዎቹ በ2025 የኖርዌዩን የራፍቶ ሽልማት አግኝተዋል። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ግን የአሜሪካ ዕርዳታ ሲቋረጥ፣ በሱዳን በመቶዎች የሚቆጠሩ ማብሰያዎች ተዘግተዋል።

የተካያ ድስት የሚያውቀው አሲዳ፣ ምስርና ፉል ነው። እነዚህ ሆድ ይሞላሉ። ነገር ግን ብረት በሚገባ የሚገኘው ከሥጋ፣ ቢ12 ቫይታሚን ደግሞ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው፤ በተለይ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር። ይህ ደግሞ የእኛ ንግድ ነው።

ኬላ ሲዘጋ ማን ይከፍላል?

የመተማ ዮሐንስና የገላባት መሻገሪያ የሁለቱ አገሮች የንግድ ጉሮሮ ነው። ከኢትዮጵያ በኩል ከብት፣ ቡናና አትክልት ይሻገራል፤ ከወዲያ ማሽላና ሌላም ሸቀጥ ይመጣል። በመስከረም 2024 መግቢያ በመተማ ዮሐንስ በኩል ግጭት በተነሣ ጊዜ መሻገሪያው ተዘግቶ ነበር።

ኬላ ሲዘጋ የከብቱ ጉዞ አይቆምም፤ ጎን ጎኑን ይሄዳል። በጫካ መንገድ የተነዳ ሰንጋ ሥጋው ይቀንሳል፣ በየመንገዱ ይከፈልበታል፣ የሚመረምረው ሐኪምም አያገኝም። ወጪው መጨረሻ ላይ የሚያርፈው በገዢው ላይ ነው። ስለዚህ ከብቱ ሲደርስ ውድና ከሲታ ነው፤ ጤንነቱም አይታወቅም።

ወረቀቱ አለ፣ ሥራው ይቀራል

ኢጋድ በ2020 የሰዎችን ነፃ ዝውውር የሚመለከት ፕሮቶኮል ካርቱም ላይ አጽድቋል፤ አርብቶ አደሮች ከብታቸውን ይዘው ድንበር የሚሻገሩበትን ፕሮቶኮልም እንዲሁ አዘጋጅቷል። በእኛ በኩል የቁም እንስሳት ግብይት አዋጅ ቁጥር 819/2006 ነጋዴው የብቃት ማረጋገጫ እንዲይዝና ግብይቱ በታወቀ ገበያ እንዲሆን ይጠይቃል። የጎደለው ኬላው ላይ የሚሠራ ስምምነት ነው። ሦስት ነገሮች ቢሟሉ ብዙ ይቀየራል። አንደኛ፣ አንዱ አገር የሰጠውን የክትባትና የጤና ምስክር ወረቀት ሌላው ይቀበል። ሁለተኛ፣ ጥቂት ከብት ለሚያሻግር አነስተኛ ነጋዴ ቀላል የጉምሩክ ሥርዓት ይኑር። ሦስተኛ፣ ግጭት ሲነሣም ምግብና የቁም እንስሳት የሚያልፉበት ሰዓት በሁለቱም ወገን አስተዳዳሪዎች ይወሰን። ይህን የሚጠይቀው ደግሞ የነጋዴው ማኅበር፣ ከወዲያኛው አገር ነጋዴ ጋር አብሮ ነው። አንድ ነጋዴ ብቻውን ቢሮ ቢያንኳኳ የሚሰማው የለም።

ከተካያ ጋር መሥራት

ተካያ ሥጋ በየቀኑ መግዛት አይችልም። በሳምንት አንድ ቀን ግን ይችል ይሆናል። ማኅበሩ፣ ልኳንዳ ቤቱና የማብሰያው ኮሚቴ ተነጋግረው በሳምንት አንድ ከብት በተስማሙበት ዋጋ ቢያቀርቡ፣ ኮሚቴው ድስቱን አስቀድሞ ያቅዳል፤ ነጋዴውም የታወቀ ገዢ ያገኛል። አጥንቱ፣ ጉበቱና ሆድ ዕቃው በርካሽ ስለሚሸጥ ለድስት ይጠቅማል። ጉበት ደግሞ በብረት የበለጸገ ነው።

በገዳሪፍ ግዛት ኡም ራኩባና ቱናይድባ ካምፖች ያሉትን የትግራይ ስደተኞችም አንርሳ። ብዙዎቹ ኦርቶዶክስ ስለሆኑ በጾም ሥጋ አይበሉም፤ በፍስክም ሙስሊም ያረደውን አይበሉም። በቁሙ የገባ ከብት ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በየሥርዓቱ ሊያርደው ይችላል። የጾሙን ወቅት ቆጥሮ መላክ ለነጋዴውም ገበያ ማወቅ ነው።

ከመጫንዎ በፊት

• ለበግና ፍየል የደስታ መሰል በሽታ፣ ለከብት የአባ ሰንጋና የአፍተግር ክትባት መቼ እንደተሰጠ ይጠይቁ፤ ማስረጃውን ይያዙ።
• እንደ ኦክሲቴትራሳይክሊን ያለ መድኃኒት ከተወጋ፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ቀን ሳያልፍ ለእርድ አይሽጡ፤ ወተቱም አይጠጣ።
• የምታለብ ላም ሲሸጡ ወተቱ ሳይፈላ እንዳይጠጣ ለገዢው ይንገሩ። ብሩሴሎሲስ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል።
• የሞተ ወይም የታመመ ከብት በምንም ዋጋ ወደ ማብሰያ አይላክ። አንድ የታመመ ከብት መቶ ሰው ሊያሳምም፣ ገበያውንም ሊያዘጋብን ይችላል።