ከስብከቱ በፊት ሰላምታው

አዲስ ሚስዮናውያን ከኢትዮጵያ ሲመጡ ኢንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ የምቀበላቸው እኔ ነኝ። ሙያዬ ነርስነት ነው። ኡጋንዳ ውስጥ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ አስጋሪዎች በሚኖሩበት መንደር፣ በአንዲት የቤተ ክርስቲያን ክሊኒክ ሳገለግል 11 ዓመት ሞላኝ። ሻንጣቸውን መኪናው ላይ ሳንጭን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፤ “የወባ መከላከያውን ክኒን ጀምራችኋል? ካውያስ ይዛችኋል?” የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠብቀውት ነው የሚመጡት። በሁለተኛው ግን እርስ በርስ ይተያያሉ።

ካውያው ምክንያት አለው። እዚህ የማንጎ ዝንብ የሚሏት ዝንብ አለች። እርጥብ ልብስ ጥላ ሥር ከተሰጣ እንቁላሏን ትጥልበታለች። ልብሱ ሲለበስ ትሉ ቆዳ ውስጥ ይገባና እንደ ብጉንጅ ያብጣል። የጋለ ካውያ ግን እንቁላሉን ይገድለዋል። ስለዚህ ውጭ የተሰጣ ልብስ ሁሉ፣ የሕፃን ሽንት ጨርቅ ሳይቀር፣ ይተኮሳል።

ወባ ከዚህ ትከብዳለች። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ ወባን አይለምዳትም። በልጅነቱ ደጋግማ የያዘችውን የዚህን አገር ጎልማሳ አንዳንዴ በራስ ምታትና በድካም ብታልፈውም፣ እኛን ደገኞቹን ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ራሳችንን ልታስተን ትችላለች። ተውሳኩ በትንኝ ንክሻ ከገባ በኋላ ትኩሳት እስኪያመጣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ደንቤ አጭር ነው፦ ከመሸ ጀምሮ እጅጌ ያለው ልብስ፣ ሌሊት አጎበር፤ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ትኩሳት ከመጣ “የመንገድ ድካም ነው” ብሎ ማሳለፍ የለም፤ በዚያው ቀን ደም መመርመር ነው።

ይህን ሁሉ በግማሽ ቀን አስተምራቸዋለሁ፤ ይይዙታልም። ለማስተማር የከበደኝ ሌላው ነው፤ እንግዳ መሆንን።

ባለፈው መስከረም አንድ ወጣት ባልና ሚስት ከአዲስ አበባ መጡ። እሱ የነገረ መለኮት ትምህርቱን በቅርቡ የጨረሰ፣ ልቡ የሚነድድ ልጅ ነው። በሦስተኛው ቀን አንዲት ዓሣ ነጋዴ ጎረቤታችን ምሳ ጠራችን። ማቶኬ ሠርታ ነበር፤ ያልበሰለ ሙዝ ተልጦ፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስል፣ ከለውዝ ወጥ ጋር የሚቀርብ ምግብ ነው። ዳቦ በኮባ ሲጋገር እያየ ላደገ ሰው የቅጠሉ ሽታ የእናቱን ቤት ያስታውሰዋል። ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጇ የእጅ ውኃ ይዛ መጣችና እንደዚህ አካባቢ፣ እንደ ቡጋንዳ፣ ልማድ ተንበርክካ ሰላም አለችን። ወጣቱ ደነገጠ። ክንዷን ይዞ አስነሳትና በእንግሊዝኛ “ተነሺ፤ ለሰው አይንበረከኩም” አላት። ውኃው ፈሰሰ። እናትየዋ አንገቷን ደፋች። ምሳውን በዝምታ በላን።

ወደ ቤት ስንመለስ “ሲስተር፣ ምን አጠፋሁ?” አለኝ።

“ልጅ ሳለህ የአያትህን ጉልበት አልሳምክም?”

“ስሜያለሁ።”

“አንድ የማናውቀው እንግዳ መጥቶ ከአያትህ ጉልበት ላይ ጎትቶ ቢያነሣህ፣ አያትህ ምን ይሉ ነበር?”

መልስ አልሰጠኝም። እስከ ቤታችን ድረስ ዝም ብለን ሄድን።

ይህን ያልኩት ከእሱ ስለምሻል አይደለም። እኔ በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት እናት በትኩሳት የጋለ ልጅ ታቅፋ ክሊኒክ ገባች። ልጁን ተቀበልኳትና “መቼ ጀመረው? ያስመልሰዋል?” እያልኩ በአስተርጓሚ ጠየቅኋት። ሁሉንም መለሰች፤ መድኃኒቱንም ወሰደች። በቀጠሮዋ ቀን ግን አልመጣችም። የሥራ ባልደረባዬ ቤቷ ድረስ ሄዳ ስትጠይቃት “ያቺ ነርስ ከበሽታው ጋር እንጂ ከእኔ ጋር አልተነጋገረችም” አለቻት። የዚህ አካባቢ ቋንቋ በሆነው በሉጋንዳ የጠዋት ሰላምታ “ዋሱዜ ኦትያ?” ነው፤ “እንዴት አደርሽ?” ማለት ነው። ማታ ሲሆን “ኦሲብዬ ኦትያ?” ይላሉ፤ “እንዴት ዋልሽ?” ነው። ቃል በቃል የእኛው ሰላምታ! አገር ቤት ሳለሁ እንዴት አደራችሁ ሳልል የማንንም ደጅ አላልፍም ነበር። እዚህ ግን ረዳት ሆኜ መጥቻለሁ ብዬ ስላሰብኩ እናቴ ያስተማረችኝን ትቼ ገባሁ።

ለሐበሻ ሚስዮናዊ ይህ አገር የቅርብ ዘመድ ነው። ሰዓቱን እንኳ እንደ እኛ ነው የሚቆጥሩት። ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሲያልፍ እኛ “አንድ ሰዓት” እንላለን፤ እነሱም “ሳዋ ኤሙ” ይላሉ፤ አንድ ሰዓት ማለት ነው። ምድር ወገብ አጠገብ ስለሆንን ዓመቱን ሙሉ ቀንና ሌሊቱ እኩል ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። እንዲህ ያለው መመሳሰል ግን ሰውን ያዘናጋል። አገሩን ያወቅነው ይመስለንና መጠየቅ እናቆማለን።

ደግሞም ወንጌልን እዚህ ያመጣነው እኛ አይደለንም። የመጀመሪያዎቹ የአንግሊካን ሚስዮናውያን ቡጋንዳ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1877 ነው፤ ካቶሊኮቹ በ1879 ተከተሏቸው። 10 ዓመት ሳይሞላ የዚህ አገር ወጣቶች ስለ እምነታቸው ናሙጎንጎ በተባለ ስፍራ በእሳት ተቃጠሉ፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በየዓመቱ ሰኔ 3 ቀን መታሰቢያቸው ይከበራል። አፖሎ ኪቬቡላያ የተባለ የቡጋንዳ ሰው ደግሞ በ1896 ዛሬ ኮንጎ ውስጥ ወዳለችው ወደ ምቦጋ ሄደ፤ በ1933 እስኪሞት ድረስም ሲያገለግል ኖረ። እኛ ሳንመጣ እነሱም ልከዋል፤ መንገዱንም በደማቸው ከፍለውበታል።

አዲስ ለሚመጡት የአገራችንንም ታሪክ አስታውሳቸዋለሁ። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው ፍሬምናጦስ በ4ኛው መቶ ዘመን አክሱም የገባው ጳጳስ ሆኖ አልነበረም። መርከባቸው ተጠቅቶ አብረውት የነበሩት ሲገደሉ የተረፈ ልጅ ነበር። በንጉሡ ቤት አደገ፤ አገለገለ፤ ቤተኛ ሆነ። አትናቴዎስ እስክንድርያ ላይ የጵጵስና ማዕረግ የሰጠው ከዓመታት በኋላ ነው። ብርሃን ገላጭ ብለን የምንጠራው ሰው መጀመሪያ የሰው ቤት እንጀራ በልቶ ያደገ መሆኑን መርሳት የለብንም።

ወጣቱ በማግስቱ ማለዳ ሚስቱን ይዞ ወደ ጎረቤታችን ቤት ሄደ። ሌሊቱን ሰላምታውን ሲያጠና እንዳደረ ሚስቱ ነገረችኝ። ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ዝቅ ብሎ፣ “ዋሱዜ ኦትያ፣ ኛቦ?” አለ፤ ኛቦ እመቤቴ እንደማለት ነው። እናትየዋ መለሰችለት፤ ቁጭ በሉ ብላ ወንበር አወጣች። ልጅቷ ውኃውን ይዛ ተመልሳ መጣች፤ ተንበረከከች። በሁለት እጁ ተቀበላት፤ “ዌባሌ” ብሎ አመሰገናት።

ዛሬ ሉጋንዳ የምታስተምረው ያቺው ልጅ ናት። በቅርቡ እሑድ ምስክርነት ሊሰጥ ተዘጋጅቶ ንግግሩን አነበበላት። እግዚአብሔር የታሰሩትን እንደሚፈታ ሊናገር ፈልጎ ነበር። በሉጋንዳ መፍታት፣ መልቀቅ “ኦኩታ” ነው፤ “ታ”ው ጠብቆ ከተነበበ ግን መግደል ይሆናል። እሱ አጥብቆ አነበበው። ልጅቷ አላሳቀቀችውም፤ ትክክለኛውን ደጋግማ አሰማችው። “አለ” ሲላላና ሲጠብቅ ትርጉሙ እንደሚለያይ ለሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ይህ ለጆሮው አይከብድም፤ ግን የሚያርመው ሰው ያስፈልገዋል። ያን ቀን ክንዷን ይዞ ያስነሣት ልጅ በጉባኤ ፊት ከመሳሳት አዳነችው።

ላኪ ለሆናችሁ አብያተ ክርስቲያናት አንድ ልመና አለኝ። በመጀመሪያው ወር “ስንት ሰው አመነ?” የሚል ሪፖርት አትጠይቁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ አዲሱን ሚስዮናዊ ሳይተዋወቅ እንዲሰብክ ያስቸኩለዋል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መድረክ ላይ ይቆማል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ቋንቋ ለሚያስተምረው ሰው የሚከፈል ገንዘብ በጀት ላይ ያዙለት። ስትደውሉለትም “የስንት ጎረቤት ስም አወቅህ? የማንን ቤት እንጀራ በላህ?” በሉት። ክኒኑንና ካውያውን እኔ እጠይቀዋለሁ፤ ይህን ግን እናንተ ጠይቁልኝ።