በላስታ ስለ ግዕዝ ንባብና ወደ ኋላ ስለሚቀር ተማሪ

የኢትዮጵያ ፊደል አናባቢውን ከተነባቢው ጋራ አስማምቶ የሚጽፍ ሲሆን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ይኸውም የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው የሚለይበት ምልክት የሌለው መሆኑ ነው። ምእመናን ከየአገሩ ወደ ላሊበላ የሚጓዙበት «ገና» ይጠብቃል፤ ጊዜው አልደረሰም ለማለት የሚነገረው «ገና» ይላላል፤ በጽሕፈት ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። አማርኛ የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው በዚህ አይሰናከልም። ግዕዝን የሚማር ሕፃን ግን «ቀደሰ» መጥበቁን፣ «ቀተለ» መላላቱን ከመጽሐፉ ሊያገኘው ስለማይችል ከመምህሩ አፍ መስማት አለበት። ተነሽና ወዳቂው፣ ተጣይና ሰያፉም እንዲሁ በጆሮ የሚገቡ ናቸው።

የቀደሙት አባቶች ይህን ዐውቀው ንባብን በደረጃ ሠርተውታል። ሕፃኑ በመጀመሪያ በቁጥር ፊደሉን አንድ በአንድ ይለያል፤ ቀጥሎ በግዕዝ፣ ከዚያም በውርድ ንባብ ዐልፎ ወደ ቁም ንባብ ይደርሳል። የኔታ ለሁሉ ስለማይዳረሱ ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስጠናል፤ በመጨረሻ ግን እርሳቸው ራሳቸው ሰምተው ያርማሉ።

ነገር ግን ልጅ ሁሉ እኩል አይራመድም። ፈጣኑ ሁለት ጊዜ ሰምቶ የያዘውን የዘገየው ሃያ ጊዜ መስማት ይፈልጋል፤ ሃያ ጊዜ የሚደግምለት ሰው ግን አያገኝም። አፍሮ ዝም ይላል፤ ውሎ አድሮም ትምህርቱን ትቶ ወደ ከብት ጥበቃው ይመለሳል። ደንቆሮ ተብሎ የተሸኘው ልጅ ብዙ ጊዜ መስማት ያነሰው እንጂ አእምሮ ያነሰው አይደለም። በላስታ ተራራ ላይ ላለች ለአንዲት የገጠር ደብር ደግሞ የእርሱ መቅረት የነገ ዲያቆንዋ መቅረት ነው።

በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ልጆቻቸውን በኢንተርኔት ግዕዝ ማስተማር ጀምረዋል። ይህ ለላስታ እንዳለ ሊቀዳ አይችልም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተሰጠ፤ ሬዲዮ ግን ተናጋሪ እንጂ ሰሚ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ መብራትና ስልክ ለወራት ተቋረጠ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ተዘግቶ ብዙ ወራት ቆየ። በኢንተርኔት ብቻ የሚቆም ትምህርት በዚህ አገር አይጸናም።

የሚበጀው የኔታ የዕለቱን ንባብ በራሳቸው ድምፅ፣ ከአምስት ደቂቃ ሳያስረዝሙ፣ በስልክ ቀድተው በሚሞሪ ካርድ እንዲሰጡ ነው። ድምፁ የዚያው መምህር ይሁን፤ የንባብ ልማድ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የሌላው ቅጂ የዘገየውን ልጅ ይልቁን ያደናግረዋል። ስልክ ግን ልጁ የሳተውን አይሰማም፤ ሃያ ጊዜ የተደገመ ስሕተትም ለማቅናት ይከብዳል። ስለዚህ ቅጂው የሚያተርፈው ሰዓት ዕረፍት ሳይሆን የደካሞቹ መታረሚያ መሆን አለበት፤ ያለዚያ መሣሪያው የሚጠቅመው ያለ እርሱም የሚያውቀውን ፈጣኑን ብቻ ነው።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ የሚቀበለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪም ችግሩ ያው ነው፤ እርሱም የመምህሩን ቃል ደግሞ ደጋግሞ ቢሰማ ይጠቀማል። የሚያስፈልገውም መሣሪያ አንድ ስለ ሆነ፣ ለትምህርት ቤቱ የሚገዛው የፀሐይ ኀይል ማመንጫ ከክፍል ሰዓት ውጭ ለየኔታ ተማሪዎች ስልክ መሙያ እንዳይሆን የሚከለክል ምክንያት አይገኝም።