ዝም ያለው ቴፕ፦ የሰርኪት ቦርድ ብልሽት እንዴት ይፈለጋል?

የሬዲዮና የቴፕ ጥገና ሱቆች በሐዋሳ አዲስ ከተማም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ለረጅም ዓመታት የታወቁ ናቸው። ዛሬ የቴፕን ቦታ የእጅ ስልክ ቢወስድም በብዙ ቤቶች ካሴቶች ተቀምጠዋል፤ የሠርግ ድምፅ፣ ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ በደብዳቤ ፈንታ ቀድቶ የላከው መልእክት፣ በሕይወት የሌሉ ወላጆች ንግግር። ቴፑ ዝም ሲል እነዚህም አብረው ዝም ይላሉ።

ታዲያ የተበላሸውን ክፍል እንዴት እናገኛለን? አንዱ መንገድ ዕቃ በግምት መቀያየር ነው። ይህ ግን አደጋ አለው፤ ካውያ በተደጋጋሚ ያረፈበት የመዳብ መስመር ከቦርዱ ይላቀቃል፤ ጤነኛው ክፍልም ይበላሻል። ሁለተኛው መንገድ የሳይንስ መንገድ ነው፤ መጠየቅ፣ መለካት፣ ከዚያም መወሰን።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ኃይል ደርሷል ወይ?

ስድስት ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ የሚወስድ ቴፕ 9 ቮልት ያስፈልገዋል። በድንጋይ እየሠራ በመብራት እምቢ ካለ፣ ጥፋቱ ያለው በኤሌክትሪክ ገመዱ፣ በፊውዙ፣ በትራንስፎርመሩ፣ በዳዮዶቹ ወይም በመቀያየሪያው ላይ ነው። የቀረው ሰርኪት ነፃ ወጣ ማለት ነው።

በመብራት ሲሠራ ብቻ ወፍራም ጉርምርምታ የሚያሰማ ከሆነስ? የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል ድግግሞሽ 50 ኸርዝ ነው። አራት ዳዮዶች አሉታዊውን ግማሽ ሞገድ ስለሚገለብጡት በሴኮንድ 100 ጉብታዎች ይፈጠራሉ። እነዚህን የሚያለሰልሰው ትልቁ ካፓሲተር ነው። በውስጡ ያለው ፈሳሽ በሙቀትና በዕድሜ ብዛት ሲደርቅ አቅሙ ይቀንሳል፤ ጉብታውም በስፒከሩ በኩል ይሰማል። እዚህ ላይ ጆሯችን መለኪያ ሆነ።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ከየትኛው ግማሽ?

16 ተከታታይ ደረጃዎች ያሉትን ሰርኪት ከጫፍ ጀምረን አንድ በአንድ ብንፈትሽ እስከ 15 ልኬት ሊያስፈልገን ይችላል። ሁልጊዜ መሃሉን ብንፈትሽ ግን ተጠርጣሪዎቹ ከ16 ወደ 8፣ ወደ 4፣ ወደ 2፣ በመጨረሻም ወደ 1 ይወርዳሉ፤ አራት ልኬት ይበቃናል።

በቴፕ ውስጥ ተፈጥሯዊው መሃል የድምፅ መቆጣጠሪያው ነው። ሬዲዮውም ካሴቱም ከዚያ በኋላ አንድ ማጉያና አንድ ስፒከር ይጋራሉ። ሬዲዮው እየሠራ ካሴቱ ካልተሰማ፣ ቦርዱን ሳንነካ የጋራው ክፍል ጤነኛ መሆኑን አወቅን። ስለዚህ የካሴቱን ሄድ በአልኮል በራሰ ጥጥ እናጸዳለን፤ ካልሆነ የሄዱን ሽቦዎችና የመጀመሪያውን ማጉያ እንፈትሻለን። ሁለቱም ዝም ካሉ ግን የምንጠረጥረው የጋራውን ክፍል ነው።

የተለመዱ ተጠርጣሪዎች

ከደረቀ ካፓሲተር ሌላ ሁለት ብልሽቶች ይዘወተራሉ። አንደኛው የተሰነጠቀ የሊድ ብየዳ ነው፤ ብረቶች ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ በተለያየ መጠን ስለሚለጠጡና ስለሚኮማተሩ በጊዜ ብዛት ይፈጠራል። ቴፑ ሲመታ የሚናገር ከሆነ ይህን እንጠርጥር። ሁለተኛው የፈሰሰ ባትሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ የተሠሩ የፒንቦል መጫወቻ ማሽኖችን የሚጠግኑ ሰዎችም በዚሁ ይቸገራሉ፤ ቦርዱ ላይ የተበየደው ባትሪ እየፈሰሰ የመዳብ መስመሮቹን ይበላል። የአልካላይን ባትሪ ፍሳሽ ቤዝ ስለሆነ በጥቂት ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ ይመክናል፤ ከዚያም ቦታው በአልኮል ይጸዳል። ቴፑን ከማስቀመጣችን በፊት ድንጋዩን ማውጣት ግን ከሁሉም ይሻላል።

ጥንቃቄ

ጀማሪ ቴፑን መፈተሽ ያለበት ገመዱን ነቅሎ፣ በባትሪ ድንጋይ ብቻ ነው። ቴሌቪዥንና የዲሽ ሪሲቨር ግን ለልምምድ አይከፈቱም። የ220 ቮልት መብራት ከፍተኛ ጫፍ 311 ቮልት ያህል ስለሆነ፣ በውስጣቸው ያለው ካፓሲተር ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ይህን ያህል ይዞ ሊቆይና ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

በክፍል ውስጥ የምንማረው የኦም ሕግ በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። አንድ መልቲሜትርና በሥርዓት የቀረቡ ጥቂት ጥያቄዎች ዝም ያለን ድምፅ ሊመልሱ ይችላሉ።