በላብራቶሪ የማይበቅል ባክቴሪያ ስሙን ከየት ያገኛል?

«ካልቸር ተሠርቶልኝ ምንም አልበቀለም፤ ታዲያ መድኃኒቱን ለምን እወስዳለሁ?» የሚል ጥያቄ በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ይገጥመናል። አልበቀለም ማለት ግን ሁልጊዜ የለም ማለት አይደለም።

ካልቸር ማለት ከታማሚው የተወሰደውን ናሙና ለጀርሞች ምግብ በተዘጋጀ ሳህን ላይ አድርጎ እስኪራቡ መጠበቅ ነው። በዚህ መንገድ የማያድጉ ረቂቅ ተሕዋስያን እጅግ ብዙ ናቸው። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ማይኮባክቴሪየም ሌፕሬ አንዱ ነው። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ቢያገኙትም እስከ ዛሬ በሳህን ላይ ማሳደግ አልተቻለም። ተመራማሪዎች በአይጥ እግርና አርማዲሎ በሚባል እንስሳ ላይ ያራቡታል። በአዲስ አበባም በሐኪሙ ስም የተሰየመ የምርምር ተቋም አለ።

የባክቴሪያ ስም አወጣጥ ዓለም አቀፍ ደንብ አለው። አዲስ ስም እንዲጸድቅ የባክቴሪያው ሕያው ናሙና በሁለት የተለያዩ አገሮች ማከማቻዎች መቀመጥ አለበት። የሥጋ ደዌው ባክቴሪያ ስሙ ከጥንት የታወቀ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው የጸደቁ ስሞች ዝርዝር ገብቷል። ከዚያ ወዲህ ለተገኙትና ለማይበቅሉትስ? እ.ኤ.አ. በ1994 ሙሬይና ሽላይፈር የተባሉ ሳይንቲስቶች «ካንዲዳተስ»፣ ማለትም «እጩ» ተብለው እንዲመዘገቡ ሐሳብ አቀረቡ። የብርቱካንን ዛፍ የሚያደርቀው ካንዲዳተስ ሊበሪባክተር አሲያቲከስ ከእነዚህ እጩዎች አንዱ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችንም መገኘቱ ተዘግቧል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ሲክኮድ የተባለ ሌላ ደንብ ወጣ። በእርሱ መሠረት በሕያው ናሙና ፋንታ የባክቴሪያው የዘረ መል ቅደም ተከተል ለስሙ ማስረጃ ይሆናል።

ስም ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? ሥጋ ደዌ «እርግማን ነው»፣ «በዘር ይወረሳል» ሲባል ታማሚው ከሰው ተገልሎ ይኖር ነበር። መንስኤው ተለይቶ ስም ሲያገኝ ግን መድኃኒት ተፈለገለት። አላህ (ሱ.ወ) ለበሽታ መድኃኒት ማውረዱን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል።

ስለዚህ በቆዳዎ ላይ ፈዘዝ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነካ ስሜት የሌለው ምልክት ካዩ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ሐኪሙ ካልቸር ሳይጠብቅ በምልክቱና ከቆዳ በሚወሰድ ናሙና ይለየዋል። መድኃኒቱ በነጻ የሚሰጥ ሲሆን እንደ በሽታው ደረጃ 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል። ሕክምና የጀመረ ሰው በአጭር ጊዜ ውስጥ በሽታውን ማስተላለፉን ያቆማል። ሪፋምፒሲን ሽንትን ያቀላል፤ ክሎፋዚሚን ቆዳን ያጠቁራል። በዚህ ደንግጠው መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ።

ለሌላ ሕመም የተሠራ ካልቸር «ምንም አልበቀለም» ቢባልም መድኃኒቱን ለማቆም ወይም ለመቀጠል ያዘዘልዎትን ሐኪም ይጠይቁ። አላህ ለሁላችንም ዓፊያውን ይስጠን። ወላሁ አዕለም።